ስለ ሱስ በተግባር ላስተማሩልን ዳይሬክተር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ቤተሰብዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ በመድረክ ላይ ብዙ የሚደክመው ጉሮሮዎም ጭምር ደህና እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኛ ቤት ጤና ከጠፋ ስለቆየ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በሙሉ ለእርስዎ ልኬዋለሁ።

እኔ ከማዕከሉ በር ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ፀጉር የምሠራ ሴት ነኝ። ይበልጥ የምታወቀው ግን የሚስማር እህት በመባል ነው። ሚስማር ማለት በእንጨት ሥራ ክፍልዎ ይሠለጥን የነበረ፣ ከቅጥነቱና ቀጥ ብሎ ከመቆሙ የተነሳ ጓደኞቹ ይህን ስም ያወጡለት፣ እናታችን አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ እኔው ያሳደግሁት ታናሽ ወንድሜ ነው። ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ቢሮዎ ደጅ በተመላለስኩ ቁጥር ጸሐፊዎ አንዴ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንዴ አሁን ወጡ እያለች ስትመልሰኝ፣ ጋዜጣ እንኳ ሳያነቡ አይውሉም ብዬ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ወንድሜን ሙያ ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። እንጨት መላግ፣ ማጣበቅ፣ ማለስለስ፣ በመጨረሻም ቫርኒሽ መቀባት ተምሯል። የቅቡ ክፍል መስኮት በጣውላ ክምር ተደፍኖ ስለነበር ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የቫርኒሽ ማቅጠኛውን የቲነር ሽታ ሲስቡ ይውሉ ነበር። መጀመሪያ ራሴን ያመኛል አለኝ፤ ቀጥሎ ደስ ይላል አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ማለት ትቶ፣ ቲነር የነካ ጨርቅ በጃኬቱ ኪስ ይዞ ቤት መግባት ጀመረ። መስኮቱ ይከፈትልን ብዬ ሳመለክት በጀት ሲለቀቅ ይታያል ተባልኩ። ጣውላ ከመስኮት ላይ ለማንሳት በጀት እንደሚያስፈልግ ባላውቅ ኖሮ እንዲሁ ተሸክሜ አነሳው ነበርና፣ ከስህተት ስላዳኑኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ በሱስ መያዙ ሲታወቅ አላባረሩትም። ይህን ያለ አንዳች ሽሙጥ ነው የምለው። ማገገሚያ ገባ፣ ብዙ ተሰቃየ፣ ከወራት በኋላ ሰው ሆኖ ተመለሰልኝ። ፊቱ ሞላ፣ እጁ መንቀጥቀጡን ተወ፣ ከማዕድ ሳይነሳ ጨምሪልኝ ማለት ጀመረ። ለእናታችንም አልጋዋ ዳር የምትቀመጥ ወንበር ሠራላት። ቫርኒሽ አትቀባት ብዬ ስለምነው እሺ ብሎ ነጯን ተዋት። እናቴ ወንበሯን በጣቷ እየዳሰሰች ስትስቅ ነበር የምትውለው።

ሦስተኛው ላይ ብዕሬ አልታዘዝ ይለኛል። ለአዲስ ሠልጣኞች ስለ አደንዛዥ ነገሮች ትምህርት እንዲሰጥ ማድረግዎን ያልመረቀ የሠፈር ሰው የለም። ነገር ግን ማዕከላችን ተግባር ተኮር ነው ማለት ይወዳሉ፤ ግንብም ብየዳም በወሬ አይለመድምና ሱስም በወሬ ብቻ እንዳይታለፍ አሰቡ። ወንድሜ መጀመሪያ መድረክ ላይ ወጥቶ የደረሰበትን ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። በሚቀጥለው ዙር የበላይ አካላት በእንግድነት ሲመጡ ግን ጠረጴዛ ላይ ጨርቅና የቲነር ጣሳ አስቀርበው፣ እንዴት ያደርግ እንደነበር ለትምህርቱ ሲባል ብቻ እንዲያሳይ አዘዙት። እኔም በቤተሰብነት ተጋብዤ፣ ለብሼና አጊጬ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ልነሳ ስል አጠገቤ ያለችው ሴት ኧረ ሰው ያያል ብላ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። እርስዎ በድምፅ ማጉያው እንዲህ አሉ፦ «አይዞህ፣ ካገገምክ ምን ያስፈራሃል?»

ጨርቁን ወደ ፊቱ አስጠጋው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከእንግዶቹ አንዱ እንዲህ ያለ ትምህርት አይቼ አላውቅም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እኔም አላየሁም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሽታው ወደ ቤታችን ተመለሰ። ምነው ወንድሜ፣ ምን ነካህ፣ ያን ሁሉ መከራ ለዚህ ነው የቻልከው ብዬ ሳለቅስበት ራሱን ደፍቶ፣ «እህቴ፣ ወንበሩን ስሠራ እኮ ማንም አላጨበጨበልኝም» አለኝ። ለዚህ እርስዎ ምናልባት መልስ ይኖርዎታል።

አራተኛው ምስጋና በስልክ ስለደረሰኝ ስንብት ነው። ለሌሎች ሠልጣኞች መጥፎ አርአያ ስለሆነ ተባሯል ተባልኩ። አርአያ አድርጎ መድረክ ላይ ያቆመው ማን እንደሆነ ግን አልተነገረኝም። አሁን ወንድሜ ከተዘጉ ሱቆች በረንዳ ላይ ያድራል። እናቴ ልጄ የት ገባ ስትለኝ ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ፤ እሷም ዓይኔን አይታ ወንበሯን በጣቷ ትዳስሳለች።

ሰሞኑን ፈልጌ አግኝቼው ማገገሚያ ተመለስ ብዬ ለመንሁት። እሺ አላለኝም፣ እምቢም አላለኝም። ወጥቼስ የት ልገባ ነው አለኝ። ልመናዬ ይኸው ነው፤ ክቡርነትዎ ወንድሜን መልሰው ይቀበሉልኝ። ቅብ በሌለበት ክፍል፣ ከመድረክም ርቆ፣ ጣውላ እየላገ ይጨርስ። የምነግረው ነገር ይዤ ልሂድለት።

ለሰጡን የማይረሳ ትምህርት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የእርስዎ ታናሽ ወንድሞች ሁሉ በሰላም ቤታቸው እንዲገቡ እየተመኘሁ፣

ከማዕከሉ በር ፊት ለፊት ያለችው ፀጉር ሠሪ፣
የሚስማር እህት።

ማስታወሻ፦ ትናንት ጸሐፊዎ ደውላ፣ ለመጪው ዙር የተግባር ትምህርት መድረክ ላይ የሚያሳይ ሌላ ያገገመ ልጅ አውቅ እንደሆነ በትህትና ጠየቀችኝ። ሳልመልስላት ስልኩን ስለዘጋሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የማውቀው ያገገመ ልጅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለእርስዎ ሰጥቻለሁ።