ከእማዬ ክፍል በላይ ያለው ቴራስ

ነሐሴ 27
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ሰውነትሽ ጠና? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያቺ ጨቅላ ጡት ደህና ትይዛለች ወይስ እንዳንቺ እየነከሰች ታስለቅሳለች? አንቺ ስትወለጂ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሰፈሩን በጩኸት ስታምሺው ትዝ ይለኛል። አማትሽ ወይዘሮ ፀሐይቱስ እንዴት ናቸው? እንደ ልጃቸው አድርገው እንዳረሱሽ ባልሽ ኣምሃ ነግሮኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ላይ ደህና ነኝ ይባላል አይደል፣ ብያለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስትደውዪ የማላነሳው ጠልቼሽ አይደለም። ድምፄ ተዘግቷል። ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆነው። ቢከፈትም አንቺን ሳናግር አፌን አላምነውም። ስለዚህ ጻፍኩና ለባልሽ ሰጠሁት፤ ልጅቷ ክርስትና ሳትነሳ እንዳይሰጥሽም አስምዬዋለሁ። እንግዲህ ይህን ስታነቢ ስም ወጥቶላታል ማለት ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሐምሌ ላይ የላክሽልኝን መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም። «እናት እንደሌለው ሰው የመጀመሪያ ልጄን አማቴ ቤት ወለድኩ፤ እማዬ አንድ ክፍል ነፈገችኝ» ነበር ያልሽው። ለእማዬ አላነበብኩላትም። ይህን እወቂልኝ፣ ፈጽሞ አልሰማችውም። ክፍልም አልነፈገችሽም። ለምን እንዳልጠራችሽ ልንገርሽና ከዚያ በኋላ የምትቆጪውን ተቆጪ።

ቤታችን ዳገቱ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። በላይኛው በር የገባ ሰው የሚቆመው ቴራሱ ላይ ነው፤ የእማዬ ክፍል ደግሞ ከሥሩ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። አልጋዋን ወዲህና ወዲያ እየገፋች፣ ሳፋ እየደቀነች ስንት ክረምት አሳለፈች። አንቺ ማርገዝሽን የሰማች ቀን ግን ብድግ አለችና «ልጄ የምትታረሰው እኔ ቤት፣ እኔ ክፍል ነው፤ ያ ቴራስ ዘንድሮ መደፈን አለበት» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

አጎታችን ጋሼ ወልደአማኑኤል እንደ ልማዱ «የማውቀው ባለሙያ አለ» ብሎ ሀብተሥላሴ የሚባል ግንበኛ ይዞ መጣ። ያንን ሰውዬ ሳስበው አሁንም ይቀፈኛል። የአሮጌውን ሊሾ አቧራ እንኳን ሳያስጠርግ፣ የሲጋራ ቁራጩን ሳያነሳ፣ ከላዩ ላይ ሬንጅ ቀባ። መቀባት ከተባለ ነው፤ ዳቦ ላይ ቅቤ እንደሚቆጥብ ሰው እያሳሳ ነበር የሚለቀልቀው። በማግስቱ ሴራሚኩን መደርደር ጀመረ። «ወለሉ ዘንበል አላለም፣ ውሃው በየት ይሄዳል?» ብለው «አንቺ ቢሮሽን ያዢ፤ የውሃውን ነገር ለኔ ተይው» አለኝ። እኔም ተውኩለት። ሴራሚኩ ሲያብረቀርቅ እማዬ እልል አለች። ሰኔ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

የሰኔን ካፊያ ቻለው። ደህነኛው ዝናብ ሲመጣ ድሮ በአንድ በኩል ያፈስ የነበረው ቤት በአምስት በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ውሃውም ውሃ አልነበረም። ሻይ የመሰለ፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚል፣ የሞተ አይጥ የሚሸት ነገር ነው። አንቺ የወለድሽው በዚያው ሰሞን ነው። ፍራሹን ስገለብጠው ከሥሩ ጠቁሯል፤ ከራስጌዋ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። በጨርቅ ስጠርገው እጄ ላይ ተልከሰከሰ። ኡፍ! ሮጬ ወጥቼ ግቢው ውስጥ አስታወክሁ። አራስና ጨቅላ እዚያ ውስጥ ይግቡ እንዴት ትበል? እንዳትጠራሽ ያደረጋት ይኸው ነው። «አማትሽ ቤት ይሻልሻል» ስትልሽ ቀዝቃዛ ሆና የታየችሽ እኮ ለቅሶዋን ውጣ ስለነበረ ነው።

ለሀብተሥላሴ ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አያፈስም፤ ቤታችሁ ነው የሚያልበው። እናትሽ ምድጃ እየለኮሱ በእንፋሎት ሞልተውት ይሆናል» አለኝ። በእማዬ አሳበበ! አንጀቴ አረረ። ሰድቤው ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ቢላል የሚባል ልጅ አገኘሁ፤ ሜክሲኮ የሥራ ባልደረባዬን ቤት የሠራ ነው። ገና ሲገባ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቴራሱን ዞረው። አንድ ሴራሚክ ፈነቀለ። እግዚኦ! ከሥሩ የተኛው ውሃ ሸተተ፣ ትል ይርመሰመስበታል። የውሃ መውረጃውን ቀዳዳ ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። ለካ ያ ጉደኛ የሲሚንቶ ከረጢት ጠቅጥቆበት ሴራሚክ ለጥፎበታል። ኋላ ሲጠየቅ «ቀዳዳው ለዓይን ያስጠላል» አለ አሉ። እሱን ብሎ ስለሚያስጠላ ነገር ተናጋሪ!

ቢላል ሁሉንም አፈረሰው። ወለሉን ወደ ቀዳዳው አዘንብሎ እንደገና ሠራ፤ በደረቁ ቀናት እየጠበቀ፣ በዝናቡ በላስቲክ እየሸፈነ። ከዚያ ሜምብሬን የሚሉትን ውሃ የማያሳልፍ ጥቁር ጥቅል በጋዝ እሳት እያቀለጠ አነጠፈው፤ ግድግዳው ላይም አንድ ስንዝር አወጣው። በመጨረሻ «ቀዳዳውን ደፍነን ቴራሱን እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ እንሞላዋለን፣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ከሥር ጠብ ካላለ ሥራዬ ሥራ ነው» አለ። የቧንቧው ውሃ በፈረቃ እየመጣ ቴራስ የሚሞላ ውሃ ከየት ይመጣል? ባልዲ ተሸክሜ ስወጣ ያየችኝ ጎረቤታችን እትዬ ሠርካዲስ አበደች ብላ አማተበች። ዝናቡ ራሱ ሞላልን። እማዬ ከሥር ባዶ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ሁለት ቀን ሙሉ ኮርኒሱን ጠበቀች። ከሻጋታው ጋር የጀመራት ሳል ያኔ ጠንቶባት ነበር። «ሌላ ክፍል ግቢ» ብላት «እኔ ካላየሁት ማን ያየዋል?» አለችኝ።

ጠብ አላለም። አንዲት ጠብታ! ወዲያው ደወለችልሽ፤ ኣምሃ ተኝታለች አላት። «አትቀስቅሳት፤ አራስ ትተኛ። ክፍሏ ደርቋል በላት» አለችው። ነግሮሽ ይሆን? ክፍሌ አላለችም፣ ክፍሏ ነው ያለችው።

ቢላል ከላዩ ላይ መሸፈኛ ሊሾ እስኪያለብሰው ሦስት ቀን ጠየቀ። እስከዚያ ባለ ተረከዝ ጫማ እንዳይወጣበት፣ ሚስማር የሚባል ነገር እንዳይነካው አስጠነቀቀን። እኔም እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሜ ድመት ሳይቀር አባረርኩ።

በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ ስድስት ጠዋት፣ ለቅሶ ሆነ።

የማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ በወጉ ይነግሩሻል። እኔ እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል። ድንኳን የት ይተከል ሲባል፣ ግቢያችን በሴራሚክ ስብርባሪና በአሸዋ ተሞልቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ጋሼ ወደ ላይ አየና «ቴራሱ ላይ ይሁን» አለ። የእድሩ ወጣቶች ፌሮና መዶሻ ይዘው ወጡ። በአሸዋ የተሞላ ጣሳ ላይ እንጨቱን ማቆም ይቻል ነበር፤ ማን አስቦት። ድመት ሳይቀር ያባረርኩት እኔ፣ ከሥር ተቀምጬ መዶሻውን ሰማሁት። እያንዳንዷን ቆጠርኳት፤ አሥራ አንድ ናት። ብድግ ብዬ እንዳልጮህ ግራና ቀኝ ሰዎች ይዘውኛል። ደግሞም ያን ቀን የቴራሱ ነገር ምኔ ነበር?

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። በአሥራ አንዱ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ የእማዬን አልጋ አራሰው። ለልጅሽ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ያስቀመጠቻቸው ነጫጭ ጨርቆች የተቀመጡባትን ሳጥን ታቅፌ ወጣሁ፤ ሌላ ምንም አላተረፍኩም።

ይህ ሳያንስ ሀብተሥላሴ መጣልሽ! እጄን ይዞ የሚባለውን ሁሉ አለኝ፤ እጁ ላብ ላብ ይላል። ከዚያ ተቀምጦ ሽሮውን በሁለት ጉርሻ እያገባደደ አጠገቡ ላለው ሰው «ይሄን ቴራስ እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት» ሲል ሰማሁት። እህቴ፣ ሰው ሲያላምጥ እንደዚያ አስጠልቶኝ አያውቅም። ተነስቼ ሰሃኑን ከፊቱ ነጠቅኩት። ሽሮው ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። ለቅሶ ቤት እህል ከሰው አፍ መንጠቅ ነውር ነው፤ አንዷም ግን ነውር ነው አላለችኝም። እትዬ ሠርካዲስ ብቻ መጥታ አቀፈችኝ።

እሱን ብቻ እንዳልሰድብ ግን እኔም አለሁበት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሀብተሥላሴ ይልቅ ራሴን ነው የምጸየፈው። ሐምሌን ሙሉ ስለ ሬንጅና ስለ ሴራሚክ ስጨቃጨቅ፣ ከግድግዳው ወዲያ እማዬ ያንን ሻጋታ እየተነፈሰች ትስል ነበር። እሰማታለሁ። «ብርድ ነው፣ ዝንጅብል ጠጪበት» እላትና ስልኬን አነሳለሁ። ተሸክሜ ማውጣት ነበረብኝ። ክብደቷ እኮ የሕፃን ነበር። እንቢ ብትለኝም፣ ብትቆጣኝም፣ ተሸክሜ ሐኪም ቤት ማድረስ ነበረብኝ።

ቢላል ድንኳኑ በተነሳ ማግስት መጣ። ቀዳዳዎቹን ሲያይ ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ሊጮህም ይገባዋል። እሱ ግን የተከፈተውን ክፍል አየ፣ አልጋውን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ደፋ። ጫማውን አወለቀና አሥራ አንዱንም ቁራጭ እየቆረጠ፣ በእሳት እየለጠፈ ደፈናቸው። እንደገና ውሃ ሞላነው። ባዶው አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ሁለት ቀን ኮርኒሱን የጠበቅሁት በዚህኛው ዙር እኔ ነኝ። ጠብ አላለም። አሁን ሊሾውም ሴራሚኩም አልቋል። ትናንት ያን የሚያህል በረዶ ወርዶ ክፍሉ ደረቅ ነው። በመድረቁ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ኤዲያ! ጭራሽ አስጠላኝ።

የሚያስጠላኝ ሌላም አለ። ሰሞኑን ለምትደውዪላቸው ሁሉ ጋሼ መልስ አስጠንቷቸዋል። «እማዬ ጠበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም» ብለውሻል፤ «ሱባዔ ላይ ናት» ብለውሻል። ጻፊላት ብሎኝ ነበር። አልጽፍም። አራስ አይነገራትም ተባለ፣ እሺ፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። በእማዬ ስም መዋሸት ግን እንደዚያ ሻጋታ ይቀፈኛል።

እና ነይ። ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ግድግዳውን አስፍቄ ኖራ አስቀብቼዋለሁ፤ ፍራሹ አዲስ ነው፤ ሳጥኗ ከራስጌው አጠገብ ናት፣ አንድም ጨርቅ አልረጠበም። አልጋው ላይ አንቺና ልጅሽ ትተኛላችሁ። ሰፊ ነው፣ የምታጣብቡት ሰው የለም።

ጋሼ ወልደአማኑኤል ሰላም ብሎሻል። እትዬ ሠርካዲስ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ለልጅሽ ኮፍያ ሠርታለች። ቢላል እንኳን ሳያውቅሽ እንኳን ማርያም ማረቻት በይልኝ ብሏል። ጋሼ አሁን አጠገቤ ቆሞ «የእማዬን ሰላምታ ሳትጨምሪ እንዳትዘጊው፤ ትጠረጥራለች» እያለኝ ነው። እስክሪብቶዬን ሁለት ጊዜ አነሳሁ። አልቻልኩም።

እመቤቴ ልደታ ጉልበትሽን ታበርታው። ልጅሽ ትደግልሽ፣ ወግ ማዕረጓን ያሳይሽ። መንገዱን በሰላም ያግባችሁ። በላይኛው በር ግቢ፤ እዚያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ከእንግዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፣

ታላቅ እህትሽ