«ኖር» ብሎ ስለተከሰሰው ወንድሜ

ለተከበራችሁ የዘር ፍትሐዊነት ኮሚቴ አባላት
ላስ ቬጋስ፣ ማርች 2021

እንደምን ከርማችኋል? እናንተ፣ ቤተሰቦቻችሁ፣ ትከሻችሁ ጭምር ደህና ናችሁ? እኛ ደህና አይደለንም፤ ግን መጀመሪያ የእናንተን መጠየቅ ሥርዓት ነው። ሥርዓት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከታች ትደርሱበታላችሁ።

ስሜነሽ በቀለ እባላለሁ፤ ዊትኒ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ባለፈው ጁን «ከጥቁር ማኅበረሰባችን ጎን ቆመናል» ብላችሁ፣ በአንድ ጉልበት ተንበርክካችሁ ፎቶ ስትነሱ አይቼ ከልቤ አጨብጭቤ ነበር። አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጠው፤ ቁጥር ትወዳላችሁ።

1. ታላቅ ወንድሜ መዝገቡ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጃንዋሪ ላይ እኔን ከሺፍት ሊወስደኝ ሲመጣ ፖሊስ አስቆመው፤ አንዱ የኋላ መብራቱ አይበራም ነበር። እዚህ አገር ሰው እጁን መሪ ላይ አድርጎ ቁጭ እንደሚል ስንቴ ነግሬዋለሁ! ግን አዲስ አበባ ትራፊክ ሲያስቆመው ወርዶ ሲሄድ ነው የኖረው፤ ልማዱ ቀደመው። ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ «ኖር!» አለ። ሁለተኛው ፖሊስ ሲመጣ ለእሱም «ኖር!» አለው፤ አንዱን አክብሮ ሌላውን መዝለል ነውር ነዋ። «በእግዜር» የሚል መልስ ሲጠብቅ አስፋልቱ ላይ አገኘ ራሱን። ትከሻው ወለቀ። ስለ ፈጣን መስተንግዷችሁ እናመሰግናለን።

2. ሪፖርቱ «ወደ መኪናህ ተመለስ ስንለው ሁለት ጊዜ 'ኖ' አለን» ይላል። ማስክ አድርጎ ስለነበር «ር»ን ማስኩ ውጧታል። በዚህች በአንዲት ፊደል ትእዛዝ በመቃወም ተከሷል፤ ጥፋተኛ ከተባለ እስር አለበት፣ ግሪን ካርዱን እንዳይነጠቅም ያሰጋናል።

3. የጠየቅኳችሁ አንድ ነገር ነበር፤ የፖሊሱን የደረት ካሜራ ቅጂ አማርኛ የሚሰማ ሰው ቼክ ያድርግልን ብዬ። አራት ጊዜ ደወልኩ። እናንተም በትሕትና፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ መግለጫችሁን በአማርኛ አስተርጉማችሁ በፖስታ ላካችሁልኝ። ሁለተኛው መስመር «ከፖሊስ ጭካኔ ጋር ቆመናል» ይላል። «ጋር» አይደለም፣ «በመቃወም» ነው ብዬ ላርማችሁ ስልክ አንስቼ ነበር። ኋላ ሳስበው ተውኩት፤ ከገጹ ሁሉ ያልዋሻችሁባት መስመር እሷ ብቻ ናት። እናንተ ሙሉ ቃል ስትስቱ የትርጉም ስህተት ይባላል፤ ወንድሜ አንዲት ፊደል ሲጎድለው ወንጀል ይሆናል።

4. ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ባለፈው ኦክቶበር፣ ፖሊሶች ባህላችንን እንዲማሩ ብላችሁ ፎቶግራፈር አስከትላችሁ ማኅበራችን ግቢ ይዛችኋቸው መጣችሁ። ሲገቡ ሽማግሌዎቹ በሙሉ፣ መዝገቡም ጭምር፣ ብድግ ብለው «ኖር!» አሏቸው። ያን ቀን ትከሻው የተጠመዘዘበት ሰው የለም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ፣ ክትፎም በሉ። የኮሚቴው ጸሐፊ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ለሚመጣ ሰው አክብሮ መነሳት ነው አልኳት። «እንዴት ደስ ይላል!» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፤ ቆሜ አይቻለሁ።

እንግዲህ ቃሉን ታውቁታላችሁ ማለት ነው። የጠፋባችሁ ፎቶግራፈሩ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ መግለጫም፣ ሥልጠናም፣ ጉልበታችሁንም አልፈልግም። ያቺ ሴትዮ ያቺን ማስታወሻ ይዛ ሐሙስ ጠዋት ችሎት ትምጣና የጻፈችውን ታንብብ። አንድ መስመር ናት፤ አታደክማትም።

ብድግ ብዬ፣ እጆቼን በሚታዩበት ቦታ አድርጌ፣ ድንገት ሳልንቀሳቀስ የማከብራችሁ፣
ስሜነሽ በቀለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዳኛው ሲገቡ ችሎት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል አሉ። ወንድሜ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ትናንት «ስሜ፣ እኔ ልነሳ ወይስ ልቀመጥ?» ብሎ ጠየቀኝ። እናንተ ከጎናችን የቆማችሁት ሰዎች፣ የቱ እንደማያስመታ እስከ ሐሙስ ብትነግሩን።