ከወፏ ጀርባ የተረፈው ሰማይ

ውድ ግትሩ ባለቤቴ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። የምጽፍልህ ልጣላህ ነው። በሕይወት እያለህ ቶሎ ትስቅና ጠቤን ታበላሽብኝ ነበር፤ አሁን ግን እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ወፎችህ ሊታተሙ ነው። ያ “እናያለን” እያለ ሲያመላልስህ የኖረው የካላንደር አሳታሚ በስንት መከራ ለየወሩ አንድ ወፍ እፈልጋለሁ አለ። ከቀብርህ ወዲህ የልብስ ስፌት ሱቄን አልከፈትኩም፤ መቀስ ሳይ እጄ አይሄድም። ለአንተ ወፎች ግን ታዘዘልኝና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

ሥራችንን መቼም ታውቀዋለህ፤ አንተ ፎቶ ታነሳለህ፣ እኔ ጠርዙን እቆርጣለሁ። ልብስ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ አይወድም። ቅርንጫፉንም ሰማዩንም ሙልጭ አድርጌ ወፏን ብቻ ሳስቀር ከኋላዬ ቆመህ ትነጫነጫለህ።

“ኧረ በፊቷ በኩል ተዪላት! የምታይበት ቦታ ከሌላት እኮ አፍንጫዋን ግድግዳ ላይ ያጋጨች ነው የምትመስለው።”

“መንቁር ነው ያላት።”

“መንቁሯንስ አያማትም?”

ሁሌም የምታሸንፈው አንተ ነበርክ። ሰው ግን አታነሳም። በትዳራችን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እኔን አላነሳህም። ስወተውትህ “ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያስተካክላል፤ እሱን አልወድም” ትለኛለህ። እስቃለሁ እንጂ ይከፋኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ በወፎቹ ቀንቼ አውቃለሁ።

አሁን ያጣላችን የመጨረሻዋ ፎቶህ ናት፤ አልጋ ላይ ሆነህ በመስኮት ያነሳሃት። ወፏ የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ፣ ግራው ጠርዝ ላይ ተለጥፋለች። ፊቷም ወደ ግራ ስለሆነ መንቁሯ ከፎቶው ሊወጣ ምንም አልቀረው። ከኋላዋ እኔ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት እርጥብ አንሶላ አሰጣለሁ፤ መምጣቷንም አላወቅኩም። ከእኔ ወዲያ እስከ ቀኙ ጠርዝ ባዶ ሰማይ ብቻ ነው። አንተ እንዲህ አትሳሳትም ነበር። እጁ ደክሞ ነው ብዬ አለቀስኩ።

አሳታሚው መጥቶ አየና “ሴትዮዋን እናውጣትና ወፏን እናስጠጋት” አለኝ። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ከቀኝ በኩል ሰማዩን እየቆረጥኩ መጥቼ ፊቴ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የማየው ወደ ቀኝ ነው። ያ ሁሉ ሰማይ ያለው በእኔ ፊት በኩል ነው።

አንተ ሰውዬ፣ ቦታውን የተውከው ለእኔ ነው። ምናልባት ወፏን ልብ አላልካትም፤ ሳትጠራ የመጣች እንግዳ ሳትሆን አትቀርም። በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ይሄን ሁሉ ዓመት አይወደኝም ይሆን እያልኩ ከምከርም፣ አንዴ ጠርተህ ብታሳየኝ ምን ነበረበት? ልጣላህ የፈለግኩት በዚህ ነው። ግን ሳለቅስ ሳቄ መጣ፤ አሁንም ጠቤን አበላሸህብኝ።

አሳታሚውን “እንዳለች ትታተም” አልኩት።

“ወፏ ጠርዝ ላይ ሆና? ስህተት ነው ይሉናል እኮ።”

“የወፍ ፎቶ አይደለችም።”

“ካላንደሩ ግን የወፍ ነው፣ እናቴ” አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። በምትኳ ሌላ ጊዜ ያነሳሃትን ርግብ ሰጠሁት፤ በፊቷ በኩል ሰፊ ቦታ ትቼላታለሁ፣ አታስብ።

የእኔዋን በትልቁ አሳተምኳት። ቤት ውስጥ የሚበቃት ግድግዳ ስላጣሁ ዛሬ ጠዋት ሱቅ ወሰድኳት። ሚስማሩን መትቼ ሳልጨርስ አንዲት ጎረቤታችን ጫፉ የተተረተረ ቀሚስ በእጇ ይዛ ብቅ አለች።

“ከፈትሽ እንዴ?” አለችኝ።

“ከፈትኩ” አልኳት።

ደህና ሁንልኝ የኔ ጌታ።

ያነሳሃት ሚስትህ