ስለሚንቀጠቀጠው ፍሬኔና ስለታሸገው ጋራዥ

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በሄድሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ለሚሉኝ ትሑት ጸሐፊዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ስብሰባው ሦስተኛ ሳምንቱን ስለያዘ ወገብዎን እንዳያምዎት ከልቤ እሰጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የታናሽ ወንድሜ ጋራዥ ግን በትእዛዝዎ ታሽጓል፤ የፊታችን ሰኞም ኮሚቴዎ ተቀምጦ የሥራ ፈቃዱን ለመሰረዝ ቀጠሮ ይዟል። በአደባባይ የምጽፍልዎ ከሰኞ በፊት በር ከፍቶ የሚያስገባኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ማን እንደሆንሁ ልንገርዎ። ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገልሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጡረታ ስወጣ ጓደኞቼ ሹራብ መሥራት ሲጀምሩ፣ እኔ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት እምብዛም የማትርቅ፣ ስትነሣ ጀርባን ከወንበሩ ጋር የምታጣብቅ የእሽቅድምድም መኪና ገዛሁ። እናታችን የቀሩት ሁለት በሮች መቼ እንደሚመጡ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ውጭ ባለው የውድድር ሜዳ እነዳታለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት በምን ፍጥነት እንደምነዳት ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ አልጽፈውም። ከወንድሜ በቀር የነካት መካኒክ የለም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ያልተቆጠረ ነገር እንደማይቀበል ተምሬአለሁና።

፩. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ለምርመራው ቀን ብቻ ደህና የፍሬን ዲስክ ከጎረቤት ተውሶ አስገጥሞ፣ መኪናው ካለፈ በኋላ የመመለስ ልማድ በመካከላችን እንዳለ አልክድም፤ አንድ ጥንድ ዲስክ በአንድ ሳምንት አምስት መኪና ሲያሳልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ለማስቀረት የዲስኩ ቁጥር የሚጻፍባት ስስ የቆርቆሮ ማኅተም አስወጡ። ከውጭ ብትለጠፍ ዝናብና ሌባ ይነኳታል ተብሎም ዲስኩ ተደግፎ በሚቀመጥበት፣ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት ክብ ብረት ላይ፣ ከላይኛው ቡሎን አጠገብ እንድትለጠፍ ደነገጉ። አሮጌዋን መላጥ ያስቀጣል፤ አዲሷ በላይዋ ላይ ትለጠፋለች። ደንቡ የተጣራ ነው፤ እንዲያውም ከመጣራቱ የተነሣ መኪና የሚያውቅ ሰው እጁን ያስገባበት አይመስልም።

፪. ስለ ዕድሜዬ ስላሰቡልኝም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ምርመራ ባለፍሁ በወሩ ግድም፣ ከፍ ባለ ፍጥነት ስሄድ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ውስጥ ይርገበገብ ጀመር። ወንድሜ አዲስ ዲስክና ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን አዲስ ሸራ ገጠመ፤ ዲስክ የቀየረ መመርመር አለበትና ወደ እናንተ መጣን። ባልደረቦቹ «ነጭ ጓንት» የሚሉት መርማሪዎ መኪናዋን ራሱ ነድቶ፣ ፍሬኑን ራሱ ይዞ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወረደና መኪናዋን ጥሎ «የወደቀችበት ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ «የአሽከርካሪዋ ዕድሜ» ብሎ ጻፈ። በእነዚህ እጆች የስንቱን እናት ልጅ እንደተቀበልሁ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ ጓንቱን አውልቆ ይጽፈው ነበር። ያም ሆኖ አዲስ ማኅተም ለጥፎ ሸኘኝ።

፫. ስለ ትዕግሥትዎ። ወንድሜ መሪውን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ቴስቲናዎች ቀየረ፣ ጎማዎቹን ባላንስ አስደረገ፣ ሦስተኛ ጥንድ ዲስክ አስመጥቶ ከመግጠሙ በፊት ቶርኖ ቤት ወስዶ አስለካ፤ እንከን አልተገኘበትም። ሁለት ጊዜ ተመለስን፣ ሁለት ጊዜ ወደቅን፣ ሁለት ማኅተም ጨመራችሁልን። መንቀጥቀጡም በዚያው ልክ ጨመረ።

፬. ይህኛውን ምስጋና ለመጻፍ እጄ እንቢ ብሎኛል። በአራተኛው ምርመራ ማግስት «በፍሬን ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የታየ የሙያ ጉድለት» የሚል ወረቀት መጣና ጋራዡ ታሸገ። አሥራ አራት ዓመት የተሠራበት በር ነው። የባሰው ግን እኔ ወረቀቱን ማመኔ ነው። ወንድሜ «እትዬ፣ እመኚኝ፣ ዲስኩ ምንም የለበትም» ሲለኝ፣ መንግሥት ካንተ ይበልጥ ያውቃል ብዬ ሚስቱ ፊት አዋረድሁት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ክቡርነትዎም አብረውኝ ትንሽ ቢያፍሩ ሸክሙ ይቀለኛል።

የሆነውን ደግሞ ልንገርዎ። ወንድሜ ቂም የማያውቅ ሰው ስለሆነ በሳምንቱ መኪናዋን ከእናታችን ግቢ አስገብቶ በጉማጅ እንጨት ላይ አቆማት። መጠገን ተከልክሏል እንጂ መለካት አልተከለከለም። የፊት ጎማዎቹን አውልቆ፣ ዲስኩን በቡሎኖቹ አጥብቆ፣ መርፌ ያለው መለኪያውን አስጠጋና ዲስኩን በእጁ ቀስ እያደረገ አዞረው። መርፌዋ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ብድግ ትላለች። ዲስኩን አውልቆ በአንድ ቡሎን ያህል አዙሮ መልሶ ገጠመው፤ ጥፋቱ የዲስኩ ቢሆን ኖሮ መርፌዋ የምትነሣበት ቦታም አብሮት በዞረ ነበር። አልዞረም፤ እዚያው ከሞዞው የላይኛው ቡሎን አጠገብ ቀረ።

ዲስኩን ሲያወልቀው ሁለታችንም ጎንበስ አልን። አራቱ ማኅተሞችዎ አንዷ በአንዷ ላይ ተደርበው ተቀምጠዋል፤ በሌላው ጎማም እንዲሁ። የአራቱ ውፍረት ተደምሮ ከአንድ የሠርግ ጥሪ ካርድ አይበልጥም፤ ነገር ግን ዲስኩ በአንድ ጎኑ ተነሥቶ እንዲቀመጥ አድርጎታል። እንዲህ ያለችው መኪና ዲስክ ሰፊ ስለሆነ መሃሉ ላይ ትንሽ የሆነው መዛነፍ ጫፉ ላይ ሲደርስ ያድጋል፣ በዞረ ቁጥር ሸራውን ይገፋል፣ ግፊቱም በመሪው በኩል እጄ ድረስ ይመጣል። ወንድሜ ዲስክ በቀየረ ቁጥር ማኅተሞቹን ያያቸው ነበር፤ የመንግሥት ማኅተም መኪና ያበላሻል ብሎ መጠርጠር ግን ማንም አላስተማረውም።

ማኅተሞቹን የላጥኋቸው እኔ ነኝ። ወንድሜን እናታችንን እይልኝ ብዬ ወደ ቤት ከላክሁት በኋላ፣ በአልኮልና በጥጥ አርሼ፣ በጥፍሬ አንድ በአንድ አንሥቼ፣ ስምንቱንም በፖስታ አሽጌ አስቀምጫለሁ። ከዚያ ዲስኮቹንና ጎማዎቹን መልሼ ገጥሜ እናታችንን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ውድድር ሜዳው ሄድሁ። በሙሉ ፍጥነት መጥቼ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጥሁት። መሪው ዝም። እናታችን ከተኛችበት ነቅታ «ምነው ቆምሽ?» ብቻ አለችኝ። እኔ እዚያው መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሰኞ ኮሚቴዎ ሲቀመጥ ስምንቱን ማኅተሞች ይዤ እቀርባለሁ፤ መላጥ የሚያስቀጣ ከሆነ ቅጣቱ የእኔ ነው፣ እፈርማለሁ። «የሙያ ጉድለት» የሚለው ወረቀት ግን ባለቤቱ ወንድሜ ስላልሆነ ለትክክለኛው ባለቤት እንዲመለስ፣ የጋራዡም በር እንዲከፈት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለዜጎች ደኅንነት ሲሉ ከስብሰባ የማይወጡትን ክቡርነትዎን ዘወትር የማከብር፣ ለነጭ ጓንት የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ለመላክ ያሰብሁ፣ ጡረታ ወጥቼም እጄ ያልተንቀጠቀጠ ታዛዥዎ፣
የቀዩዋ መኪና ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጠዋት የእርስዎን ሾፌር በታሸገው ጋራዥ በር ላይ ወንድሜን ሲለምነው አገኘሁት። የክቡርነትዎ መኪና ባለፈው ወር ምርመራውን በአንደኛነት ካለፈች ወዲህ ፍሬን ሲያዝ ክፉኛ ትንቀጠቀጣለች አሉ። ወንድሜ ምን እንደሆነ ሳይነካት አውቆታል፤ በአሥር ደቂቃም ይጨርሰዋል። ነገር ግን ሕግ አክባሪ ነውና የጋራዡ በር እስኪከፈትለት ድረስ መፍቻ አያነሣም። እስከ ሰኞ ቀስ ብለው ይንዱ፤ ከፊትዎ ካለው መኪናም ራቅ ይበሉ።