ሰው ሳይሞት ድንኳን ስለ መጠየቄ

ለክቡር አቶ እንዳላማው
የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በእርስዎ ቁልፍ የተቆለፈበት የዕድራችን ድንኳን እንደምን ከርማችኋል? እኛ ቤት ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌም ደኅና መሆናችን ለክቡር ቢሮዎ ችግር እንደፈጠረ ስለተረዳሁ ነው።

እኔ የሟቹ የመምህር የሺዋስ ባለቤት ማርያማዊት ነኝ። ልጄ ዜማ የፊታችን ቅዳሜ፣ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ሰባት ዓመት ይሞላታል። ጥቂት ልጆች ጥሪ ብላት የክፍሏን ልጆች በሙሉ፣ የሰፈሩን ልጆች በሙሉ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቀቻትን አንዲት ልጅም ከነእህቶቿ ጠርታ መጣች። ቤታችን እንደሚያውቁት ጠባብ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ሐምሌ ነው። ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። ድፎውን ማን እንደሚደፋልኝ አስባለሁ፣ ተነሥቼ ሰማዩን አያለሁ፣ ተመልሼ ፊኛ እነፋለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። የጎረቤቴ የወይዘሮ ፋኢዛ ልጆች ለብቻቸው ተቀምጠው እንዳይበሉ ብዬ ሥጋውን ከድግሱ አወጣሁት፤ በሥጋው ፋንታ ምን እንደሚገባ ግን እስካሁን አልወሰንኩም። በእርግጠኝነት የማውቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ድንኳን ያስፈልገኛል።

በትሕትና ጠየቅሁ። እርስዎም የዕድሩ ድንኳን ለሐዘን ብቻ እንደሚወጣ፣ የልጅ ልደት ደግሞ ዘመን አመጣሽ ቅብጠት እንደሆነ ቆመው ሳይሰለቹ አስረዱኝ። ስለ ማብራሪያዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የበኩር ልጅዎ በተመረቀ ጊዜ ይኸው ድንኳን በግቢዎ ተተክሎ መሰንበቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ እኔም በልቼበታለሁ። ያን ዕለት ማን እንደሞተብዎ ሳንጠይቅ፣ አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ ሳናፈስ፣ ዶሮ ወጥ በልተን ስለ ሄድን ይቅርታዎን እንለምናለን።

፪ኛ. ማክሰኞ ማለዳ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ አቶ ገዳሙ ከእኔ ቤት ድንኳን መጠየቁን ከዕቃ ቤቱ ሰሙ። እኔ ቤት ደግሞ ሰማንያ ያለፋቸው አማቴ እማሆይ ወለተ ሥላሴ እንዳሉ ስለሚያውቁ ሌላ ማጣራት አላስፈለጋቸውም፤ ነፉት። በእሳቸው አልፈርድም፤ ድንኳን የሚጠየቀው ሰው ሲሞት ብቻ ነው ብለው ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት። እማሆይም ጥሩምባውን ሲሰሙ፣ ለቅሶ መቅረት ስለማይወዱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊደርሱ ሲወጡ፣ የእሳቸውን ስም እየጠራ የሚያለቅሰውን ሕዝብ በራችን ላይ አገኙት። ከፊት የነበሩት ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ራሳቸውን ሊስቱ ምንም አልቀራቸውም። እማሆይ ግን ለማን እንደሚለቀስ በደንብ ከጠየቁ በኋላ ሙሾው አነሰኝ ብለው ሕዝቡን ወቀሱት። የመጣው ንፍሮ እንዳይባክን ተቀምጠን በላነው።

፫ኛ. በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ «በሕይወት ባለ ሰው ዕድርተኛን ማስለቀስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከነማኅተሙ ደረሰኝ። አማቴ በሕይወት መኖራቸው የእኔ ጥፋት ተደርጎ ስለተጻፈልኝ አመሰግናለሁ። ለአንዲት ምራት ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት ከየትም አይገኝም።

አራተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ። አምና የሺዋስ ሲያርፍ ያ ድንኳን በግቢያችን ቆሞ ነበር። ዕድሩ ያን ጊዜ ያደረገልንን አልረሳም፤ ይህን የምለው ያለ ምንም አሽሙር ነው። ዜማ ግን ከዚያ ወዲህ ድንኳን ስታይ መንገድ ትሻገራለች፤ በጎረቤት ሠርግ እንኳ አልገባም ብላ ዝናብ እየመታት ውጭ ቆማለች። ሰው ወደ ቤታችን እንዲመጣ ስትፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ይህን ልደት ስትጠይቀኝ ነው። ድንኳኑን፣ ሌላ ሳይሆን ያንኑ ድንኳን የፈለግሁት፣ ልጆች ሲስቁበት እንድታየው ብዬ ነበር። ማክሰኞ ጥሩምባው ሲነፋ አልጋ ሥር ገብታ አገኘኋት። ብዙ ለምኛት ስትወጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤

«እማዬ፣ ድንኳኑን እንዲሰጡን ማን መሞት አለበት?»

ተናድጃለሁ። አፍሬያለሁም፤ ልጅ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅበት ሰፈር የእኔም ሰፈር ነውና። ጉዳዩ በቀጥታ እርስዎን ስለሚመለከት ግን ጥያቄዋን ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደ ክቡር ቢሮዎ መርቼዋለሁ፤ ከቅዳሜ በፊት ቢመልሱላት ውለታዎን አልረሳም።

ስለ ቅዳሜው እንኳ አይጨነቁ። ወይዘሮ ፋኢዛ ማክሰኞ ከለቀስተኛው መሀል ተነሥተው ወደ ሱቃቸው ሄዱና፣ ለገበያ ቀን የሚወጥሩትን ሰማያዊ ሸራ አስይዘው ተመለሱ። ሌላውም እህል የሚያሰጣበትን ሸራ አመጣ፤ አቶ ገዳሙ አንገታቸውን ደፍተው የባሕር ዛፍ ቋሚ ተሸክመው መጡ። ዜማ የፋኢዛን ሸራ ዞራ ዞራ አየችው፣ ቀዳዳ እንዳለው ነገረችን፣ ከዚያም ከሥሩ ገባች። ቀዳዳውን እየሰፋሁት ነው፤ በመሀል በመሀል እየተነሣሁ ሰማዩን አያለሁ።

የልጅ ልጆችዎ ተጠርተዋል፤ እንደሚመጡም ለዜማ አረጋግጠውላታል። እርስዎም ቢመጡ ቤታችን ይከብራል። ሰው ባልሞተበት ቤት መቀመጥን ደንቡ የማይፈቅድልዎ ከሆነ ግን፣ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ሳቁን ቢያዳምጡ ማንም አይከለክልዎትም።

ለእርስዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ለጥሩምባው ሰፊ ዕረፍት እየተመኘሁ፣

በዚህ ሳምንት ማንም ያልሞተባት አክባሪዎ
ማርያማዊት

ግልባጭ፦
ለአቶ ገዳሙ (ለማወቅ ያህል ብቻ፤ እንዳይነፋ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለእማሆይ ባነብላቸው አንድ ነገር እንድጨምር አዘዙኝ። የእሳቸው ቀን በእውነት ሲደርስ የዕድሩ ድንኳን እንዳይወጣ፤ ለቀስተኛው የልጅ ልጃቸው በሳቀችበት ሸራ ሥር ይቀመጣል። ድንኳኑን ለእርስዎ እንዲያቆዩት አደራ ብለዋል።