ለቼሎዬ በረባሶ ለሰራህላት አባቴ

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ መጀመር አማረኝ፤ ደብዳቤ ሲባል እጄ የለመደው እሱን ነው። ግን ምን ብለህ ትመልስልኛለህ? ከተለያየን ዓመት አለፈን። ክረምቱ ዞሮ መጣ፤ አዳማ ጠዋት ጭቃ፣ ከሰዓት አቧራ ሆናለች። እኔም ልጅህ አለሁ፣ ይሄ አለሁ ከተባለ።

የቤቱን ነገር ልንገርህ። ጎሚስታ ቤትህን ሞባይል የሚጠግን ልጅ ተከራይቶታል። ልጁስ ጨዋ ነው፤ ግን ደጁ ላይ ያቆምካትን ትልቅ ጎማ አንስቶ ጓሮ ጣላት። እማዬ ይህን ስትሰማ ሄዳ በአስፋልቱ ላይ እያንከባለለች ቤት አመጣቻት። አሁን ሳሎናችን በር ላይ ቆማለች። እንግዳ ሁሉ ይደናቀፍባታል፣ እማዬ ግን ማንም እንዲነካት አትፈቅድም። ጥቁር ልብሷን አውልቃለች፤ ሳቋን ግን አልመለሰችም።

ቼሎዬ፣ ያቺ ተቀምጬ መሬት ላይ አቁሜ የምጫወታት ትልቋ ቫዮሊን፣ ቤተክርስቲያን ሴራሚኩ ላይ እየተንሸራተተች ስታስለቅሰኝ ያደረግከው ትዝ ይልሃል? ጎንበስ ብለህ የምትቆምበትን የብረት እግሯን አየኸው። ከዚያ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጠህ፣ በስተህ አመጣህና አጠለቅክላት። በባዶ እግሯ አቁመሻት እንዴት አትንሸራተት፣ ይኸው በረባሶ ሰራሁላት አልከኝ። ላንጋኖ ለክረምቱ የሙዚቃ ኮርስ ይዣት ስሄድ ልጆቹ ሳቁብኝ። በማግስቱ ሌሎቹ ቼሎ ተጫዋቾች አባትሽ ለኛም ይስራልን ብለው ለመኑኝ።

ያለፈውን ክረምት ግን አንተ አታውቀውም። እንደ ሁልጊዜው ከአዳማ፣ ከዝዋይ፣ ከሻሸመኔ የመጣን ልጆች ሐይቁ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ እያደርን ኦርኬስትራ እንማር ነበር። ሐሙስ ጠዋት አንተ ጎማ ስትፈታ ወደቅክ፣ ሐኪም ቤት ሳያደርሱህ አረፍክ። አርብ ቀበሩህ። ወንድምህ፣ አጎቴ ግርማ፣ ኮርሱን ለሚመሩት ለመምህር ዮናስ ደውሎ አደራ አላቸው። ቅዳሜ የመዝጊያው ዝግጅት አላት፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መጥተን ወስደናት ንጋት ላይ በወጉ እስክናረዳት እንዳትሰማ አለ። ስልካችን እንደሁ ኮርሱ ሲጀመር ይሰበሰባል። ግቢው ሁሉ አወቀ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ።

አርብ ማታ ወጥ የምታወጣው ሴትዮ ሳህኔ ላይ ሥጋ ጨመረችልኝ፤ ቆንጆ ስለተጫወትኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቫዮሊን የሚጫወቱት ልጆች እያዩኝ ሲያለቅሱ ኮርሱ ስላለቀባቸው መስሎኝ፣ አይዟችሁ፣ ለከርሞ እንገናኛለን እያልኩ አባበልኳቸው። ሞኝ ነኝ እኮ።

ቅዳሜ እመጣለሁ ብለኸኝ ነበር። መድረኩ ላይ ሆኜ ከሕዝቡ መሃል ፈለግኩህ፣ አጣሁህ። አንዱ ጎማው ፈንድቶበት ይዞት ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው አልኩ። ተቀየምኩህ። በተቀበርክ ማግስት ተቀየምኩህ፣ አባዬ።

ማታ አጎቴ ወስዶ እሱ ቤት አሳደረኝ። ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ሲገቡ ሳይ ማንም ሳይናገር ገባኝ። መቃብርህን ያየሁት ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ቼሎዋን ቁምሳጥኑ ጀርባ አቆምኳት። ከእማዬም ጋር አንድ ቤት እየኖርን ስለዚያ ሳምንት አንድ ቀን ትንፍሽ አላልንም። እሷም ደፍራ አትጀምር፣ እኔም አልጠይቅ።

ዘንድሮ መምህር ዮናስ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ትንንሾቹን አስተምሪልኝ አሉኝ። መጫወት አይጠበቅብሽም፣ ብቻ ነይ አሉኝ። ሄድኩ።

ሂክማ የምትባል የሻሸመኔ ልጅ ነበረች፤ ቫዮሊን ስትጫወት ምላሷን የምታወጣ፣ ገና አንድ ፍሬ ልጅ። አንድ ቀን ጠዋት መምህር ዮናስ አስተማሪዎቹን ብቻ ሰብስበው እናቷ ማለዳ መሞታቸውን ነገሩን። እስላሞች ስለሆኑ ቀብሩ ያንኑ ዕለት ነበር፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ። አጎቷ ደውሎ ልጅቷ እንዳትደነግጥ፣ ቅዳሜ መጥተን እንወስዳታለን፣ እስከዚያ አደራ ብሏል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እኔን ቀና ብሎ የሚያየኝ ጠፋ።

መምህር ዮናስን ተከትዬ ወጥቼ እንንገራትና ትሂድ ብዬ ለመንኳቸው። የቤተሰብን ቃል መሻር አልችልም አሉኝ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ለቤተሰቡ ደውዬ ላስፈቅድ ብልም እሺ እንደማይሉኝ አውቃለሁ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነበር። ቀጥ ብዬ ልምምድ ወዳለበት አዳራሽ ገባሁና ሂክማን ደጅ አወጣኋት።

"ሂክማ፣ እናትሽ ሞተዋል። አሁን ከወጣን ትደርሺባቸዋለሽ" አልኳት።

ደረቴን በቡጢ መታችኝ። ደጋግማ መታችኝ። ከዚያ የጫማዋን ክር እንኳ ሳታስር ወደ አስፋልቱ ሮጠች፣ ተከተልኳት። ያቆመልን የሚኒባስ ሹፌር ነገሩን ስነግረው በየመንገዱ ሰው መጫኑን ትቶ ነዳ። አንዴ ብቻ ዞር ብሎ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ "ጀባዱ፣ አይዞሽ" አላት።

ስንደርስ ሴቶቹ እናቷን አጥበው ከፍነው ጨርሰዋል። ወንዶቹ ሊያወጧቸው ደጅ ቆመው ነበር። ሂክማን አሳለፏት፤ ፊታቸውን ገልጠው አሳዩአት። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ጩኸቷን ሰማሁ። እንዲህ ያለውን ጩኸት ለጠላትም አይስጥ። አጎቷ ወጥቶ ማን ፈቀደልሽ፣ ልጅቷን ገደልሻት እኮ አለኝ። ሂክማም አላመሰገነችኝም፣ ዘወር ብላም አላየችኝም። ደግ ሠራሁ ብዬ አልኩራራብህም፣ አባዬ፤ እስካሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ እናቷ ከቤት ሳይወጡ ደርሳለች።

መምህር ዮናስ ያንኑ ቀን ሻንጣዬን አስይዘው ወደ አዳማ ሸኙኝ። አልተቆጡኝም፤ ግን ከእንግዲህ አብረን መሥራት አንችልም አሉኝ።

እማዬ ሰምታ ጠበቀችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጎማህ አጠገብ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና የቀብርህን ቀን ከመጀመሪያው ነገረችኝ። ማን እንዳጠበህ፣ ግራጫውን ሱፍህን እንዳለበሱህ፣ ጥፍርህ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት በሳሙና አልለቅ እንዳላቸው። እሷ ቆዩ፣ ልጄ ትምጣ ብላ እንደለመነች፣ ሽማግሌዎቹ ግን እንዳልሰሟት።

ከዚያ የቅዳሜውን ነገረችኝ። እኔ ላንጋኖ መድረክ ላይ ስወጣ መምህር ዮናስ ለአጎቴ ደውለው ስልካቸውን ክፍት ትተውት ነበር ለካ። እዚህ ድንኳኑ ውስጥ አጎቴ ስልኩን ማይኩ ላይ ደግኖ ያዘው። ፓስተሩ ስብከቱን አቋርጠው ተቀመጡ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "ደውሉልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለች እማዬ። "ሳታይው ቀበርነው። ለቅሶው ላይ እንኳ ድምፅሽ ይኑር ብዬ ነው።"

አንተን ተቀይሜ የተጫወትኩት ለቅሶህ ላይ ተሰማ፣ አባዬ። ልናደድ ወይስ ላልቅስ? ሁለቱንም አደረግኩ። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም፣ ገና ነው። ግን ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቃቅፈን አለቀስንልህ።

ትናንት ቼሎዋን ከቁምሳጥኑ ጀርባ አወጣኋት። አንዱ ክሯ ተበጥሷል፣ ሰውነቷን አቧራ ውጦታል፣ በረባሶዋ ግን እግሯ ላይ አለ። ክሩን አስቀይሬ ቅዳሜ መቃብርህ ድረስ ይዣት እመጣለሁ። ሲሚንቶህ ልሙጥ ነው፤ እሷ ግን ጫማ አላት፣ አትንሸራተትም። ያኔ የተጫወትኩትን ያንኑ እጫወትልሃለሁ፣ አሁን እንደሞትክ እያወቅኩ። ከዚያም በየክረምቱ እመጣለሁ፣ በረባሶዋ እስኪያልቅ ድረስ። የጭነት መኪና ጎማ ደግሞ ቶሎ እንደማያልቅ የነገርከኝ አንተው ነህ።

ልጅህ ማርታ