እሜቴ አሥረኛ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ውሎ እንደ ወትሮው። ፋርማሲው የሚገባው ሁሉ የሳል ሽሮፕ ፈላጊ ነው። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ መራራውን ስጪኝ፤ ጣፋጭ መድኃኒት የሚያድነው ሻጩን ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። ከዚያ በሩ ሲከፈት ክው አልኩ... የቀድሞ ባሌ፣ የአብደላቲ፣ የአክስት ልጅ መሰለኝ። አልነበረም።

ቅዳሜ ትልቁ የፖከር ውድድር ይጀመራል። ተመዝግቤያለሁ። ለእማዬ «የዚህ ሳምንት ተረኛ ፋርማሲ እኛ ነን» አልኳት። ልጄን ጊዝላንን እሷ ትይዝልኛለች። ውሸቱ እንዴት ለመደብኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
አሚ ላርቢ ደወሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሹፌር ናቸው፤ ካርታ ያስተማሩኝ እሳቸው።

«እሜቴ አሥረኛ፣ ዘንድሮስ?»

ስሙን ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። ሁልጊዜ አሥር ሰው ሲቀር እወድቃለሁና። ልቧ ይከዳታል ይላሉ። ልቤማ አልከዳኝም። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶው በካዚኖው ገጽ ላይ ይወጣል። እሱን ነው የምፈራው። ስለዚህ አሥር ስንቀር ጥሩውን ካርታ እጥላለሁ፣ በማይረባው እገባለሁ፣ ተሸንፌ እወጣለሁ። ሆን ብዬ። ለማን ይነገራል?

ስንፋታ አብደላቲ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ጠጋ ብሎ፦ «አንድ ምክንያት ስጪኝ። አንድ ብቻ። ጊዝላንን ይዣት ታንጂር ነው የምሄደው።» ቁማርተኛ እናት... ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት ያገኛል?

ታዲያ ለምን ትጫወቻለሽ? አላውቅም። እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው ጎበዝ የሆንኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ዛሬን ተርፌያለሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ካርታዬ ደካማ ይመስላቸዋል፤ ጠቀመኝ። የምንቀጠቀጠው ግን በሩን እያየሁ ነው። የገባውን ሰው ሁሉ አያለሁ።

በእረፍት ሰዓት ጊዝላን ደወለች። «እማ፣ በሽተኛ በዝቷል?»

«በዝቷል የኔ ልጅ።»



እሑድ፣ ጥቅምት 9
እንዴት አድርጌ ልጻፈው...

ከሰዓት በኋላ አሥር ቀረን። ቡሽታ የሚባለው ቆዳ ነጋዴ ያለውን መወራረጃ ሁሉ ወደ መሃል ገፋ። የእኔና የሱ እኩል ነው፤ የተሸነፈ ይወጣል። እኔ ሁለት ንግሥት ይዣለሁ። እንዲህ ያለ ካርታ ሁለቱን ቀን አልመጣልኝም። ልቤ ግቢ ግቢ ይለኛል። ጊዝላን ትዝ አለችኝ። «በቃ» አልኩ። በቃ፣ ተውኩት ማለቴ ነበር። ለራሴ ያልኩት...

ቡሽታ ካርታውን ገለጠ። «ውርርዱን ተቀብላለች» አለ።

«ኧረ ትቼዋለሁ ነው ያልኩት» አልኩ።

የውድድሩ ዳኛ ተጠራ። ጠረጴዛው ላይ ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም፤ ደንብ ነው። «በቃ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሁሉም ተንጫጫ።

«የኔ ሚስት በቃ ካለች አለቀ ማለት ነው። ራት ሁሉ የለም» አለ አንዱ።

«እሱ ያንተ ቤት ነው» አለ ቡሽታ። «ገበያ ላይ ዋጋ ተጠርቶልህ በቃ ካልክ ገዝተሃል። ቆዳ ስሸጥ የኖርኩት በዚች ቃል ነው።»

«ባልሽ ሲያገባሽስ ምን አልሽው?» አለ ሌላው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ዳኛው አሰበ፣ አሰበና፦ «ዋጋ ተጠርቷል። በቃ ብለዋል። ገብተዋል።»

ለመሸነፍ ጸለይኩ። ቁማር ላይ ጸሎት፣ ያውም ለመሸነፍ... ንግሥቶቹ አሸነፉ። ቡሽታ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ዘጠኝ ሆንን።

ፎቶ አንሺው መጣ። «እመቤቴ፣ እጅዎን ከፊትዎ ላይ ያውርዱ።» አሚ ላርቢ ከተመልካቹ መሃል «ልጄ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አሉኝ። አወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም። የምደብቀው ሲያልቅ እንዲህ ነው የምጫወተው? አንደኛ ወጣሁ። ሲያጨበጭቡ በሩን አየሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ፎቶው ወጥቷል። ከነሙሉ ስሜ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
አብደላቲ ደወለ። «እንኳን ደስ አለሽ» አለ በለስላሳ ድምፅ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አርብ ከስግደት በኋላ መጥቼ እወስዳታለሁ። እምቢ ካልሽ ፍርድ ቤት እንገናኝ።»

ጠበቃ ጠየቅሁ። «ሊፈረድለትም ይችላል» አለችኝ።  እማዬ ሁሉንም ሰምታለች። እሱ ደግሞ ሌላ ፍርሃት።

አርብ፣ ጥቅምት 14
መጣ። እማዬ ያቀረበችለትን ኩስኩስ አልነካም። ስለ ክብር፣ ስለ ሐራም ብዙ ተናገረ። እኔ ዓይኑን አየሁት። በትዳር ዘመናችን ዓይኑን አይቼው አላውቅም፤ ስፈራ መሬት መሬት ነበር የማየው። የልጁን ስም አንዴ እንኳ አላነሳም። ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች አልጠየቀም። የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ አላስቀመጠም። አዲሷ ሚስቱ መንታ ወልዳለች ይባላል... ይሄ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚያስፈራራኝ፣ አልኩ በልቤ። ካልሆነስ? ካርታ ላይ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ተነሳሁ። የጊዝላንን ቦርሳ አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። «ውሰዳት» አልኩት። «ልብሷ አለ። የአስም መድኃኒቷም አለ፤ ሌሊት ስታስል ተነስቶ የሚሰጣት ሰው ያስፈልጋል። ለሚስትህ ንገራት።»

ቦርሳውን አየ። ቁልፉን አየ።

«ዛሬ እንኳን... ቤቱን እያሳደስን ነው» አለ። «ሌላ ጊዜ እናየዋለን።»

ሄደ። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አሸነፍኩ እኮ።

ዞር ስል ጊዝላን ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ጫማዋን አድርጋ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ቦርሳው አሁንም በሩ ጋ ነው። ልፈታው ስል «ተዪው» አለችኝ።   ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እማ፣ እሺ ብሎ ቢወስደኝስ ኖሮ?»

«አይወስድሽም ነበር። አውቄ ነው።»

«እርግጠኛ ነበርሽ?»

ስንት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጬ ዋሽቻለሁ። ፊቴን ታያለች...

«አልነበርኩም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ቦርሳውን አንጠልጥላ ወደ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ተከትያት ሄጄ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆየሁ። የቦርሳው ዚፕ ሲከፈት አልሰማሁም።